የለቅሶው ረጥል

ወተት ሲሰፍር አውራ ጣቱን መስፈሪያው ውስጥ የሚነክር ሰው ያቅለሸልሸኛል። የዛሬ አመል አይደለም፤ ከልጅነቴ እንዲሁ ነኝ። የወተት ሻጩን የደይፈላን አውራ ጣት ያላየ ደግሞ ጣት አይቻለሁ አይበል። ጥፍሩ እንደ ፍየል ሰኮና የጠቆረ፣ ሥሩ የአህያ ፀጉር የማይለየው፣ ገመድ የተፈታበት፣ ጭነት የጠበቀበት፣ መንገድ ላይ አፍንጫ የተጠረገበት ጣት ነው። ይህን ጣት እስከ አንጓው ረጥሉ፣ መስፈሪያው ውስጥ ሰዶ ይሰፍራል። ከደይፈላ አንድ ረጥል ወተት የገዛች ሴት የምትወስደው ጎደሎ ነው፤ የጎደለውም የጣቱ ቦታ ነው። መጉደሉስ ይሁን። የጣቱን እጣቢ ነው እኮ ለልጆቿ የምታጠጣው!

እኔ ያን ጊዜ ሁለት ፍየሎች ስለነበሩኝ ከእሱ ገዝቼ አላውቅም ነበር። ጎረቤቶቼ ይገዛሉ። በከተማችን በሸንዲ የሚፈስ ነገር ሁሉ በረጥል ነው የሚኖረው፤ ወተቱ በረጥል፣ የሰሊጥ ዘይቱ በረጥል፣ የቀለጠ ቅቤው በረጥል። ሴት ልጅ ሊጥ ስትለውስ ውሃውን በረጥል ትለካለች፤ ለታመመ ሰው የሚፈላው ቅጠል እንኳ በሩብ ረጥል ውሃ ነው። ገበያ ላይ ነጋዴና ገዢ ሲጨቃጨቁ፣ ዘይቱ ጎደለ አልጎደለም ሲባል፣ የኛ ሰፈር ሰው ያኔ ወደ ዳኛ አይሄድም ነበር። «በሱራ ረጥል ይለካ» ይል ነበር። ሱራ እኔ ነኝ።

ያ ረጥል የእናቴ ነበር። ወፍራም መዳብ ነው፤ እጀታው እንደ ክንዴ ረጅም፣ እንደ ሸምበቆ ውስጡ እስከ መስፈሪያው ድረስ ክፍት። ረጅም የሆነው ሰው እጁን ከወተቱ እንዲያርቅ ነው። ሌላ አጭር የዘይት ረጥል ነበረኝ፣ ቆርቆሮ። ሁለቱ በየምስማራቸው ይሰቀላሉ። ወተትና ዘይት በአንድ ዕቃ የሚሰፈርበት ቤት ውስጥ እኔ ውሃ አልጠጣም። ለልጆቼም፣ ለምራቶቼም፣ ለልጅ ልጄ ለራውዳም ይህን ስነግር ኖሬያለሁ። የሰው ቤት ገብቼ ተናግሬም ተጣልቻለሁ። አይቆጨኝም።

ጎረቤቴ ሙዘሚል የሞተው ባቡሩ ገና በሰዓቱ ይመጣ በነበረ ዘመን፣ በብርዱ ወራት ነው። እሱም የባቡር ሠራተኛ ነበር። ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ትኩሳት ያዘው፣ በሦስተኛው ቀን ዓርብ ማለዳ አለፈ። ሁለት ሕፃናትና ቡዱር የምትባል ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት ሚስት ተወ። የሚኖሩት በእሱ አባት ግቢ ውስጥ ነው፤ እዚያው ግቢ ደግሞ እህቱ ኒዕማት አለች። ኒዕማት ከባሏ ከተፋታች ጀምሮ የሰው ትዳር እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረባት ሴት ናት። ወንድሟ በሕይወት እያለ ቡዱርን አትወዳትም ነበር። ሲሞት ደግሞ ጥላቻዋን በግልጽ አወጣችው።

የኔዋ ራውዳ ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ለሰፈሩ ለቅሶ ስንል ከአርባው በኋላ አደረግነው። የሙሽራ ቅባቱ ከርከር ግን ከለቅሶው በፊት ተፈልቶ ተዘጋጅቷል። ሞራ ከሰሊጥ ዘይት ጋር አቅልጬ፣ ቅርንፉድና ሰንደል ጨምሬ፣ በጥላ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ አብልቼ፣ በአራት ማሰሮ ሞልቼ በሰም አሽጌዋለሁ። ሙሽራ ከጠጉሯ እስከ ተረከዟ የምትታሸው በእሱ ነው። ሳምንት ሙሉ ስናፈላ ስለከረምን ቤቴ ከጣሪያ እስከ ወለል ሙሽራ ሙሽራ ይሸት ነበር፤ ይላሉ። እኔ አልሸተተኝም። ሰው የገዛ ቤቱ ሽታ አይሸተውም።

በለቅሶው በሁለተኛው ቀን ማለዳ ደይፈላ አህያውን እየነዳ የሙዘሚል በር ላይ ቆመ። ለቅሶ ቤት ሻይ በወተት ያስፈልጋል፤ በቀን ሃያ ረጥል። ዝገት የበላውን ረጥሉን አወጣና መስፈር ጀመረ። አውራ ጣቱ ገባ። ወተቱ በጥፍሩ ዙሪያ ግራጫ ክብ ሠራ።

«አንተ ደይፈላ! ያንን ጣትህን አውጣ!»

«የቱን ጣት፣ ሐጃ?»

«ወተቱ ውስጥ ያለውን ነዋ! የሌሎቹንማ ውሎ አላህ ያውቃል።»

በር ላይ የቆሙት ሴቶች ለቅሶ መሆኑን ረስተው የተከናነቡትን ቶብ አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

«ሐጃ፣ እጀታው ተነቅሏል እኮ። በምን ልያዘው? በጥርሴ?»

«ጥርስህንማ አታሳየኝ፤ ገና አሁን ነው ቁርስ የበላሁት።»

ራሴ ቤቴ ሄጄ የእናቴን ረጥል ከምስማሩ አውርጄ አመጣሁለት። እንዲህም አልኩት፦ «ይህን ለዚህ ለቅሶ ቤት ብቻ ትሰፍርበታለህ። ለሌላ ቤት እንዳታወጣው። እጀታው ረጅም ነው፤ ጣትህ ወተቱን በዓይኑ ብቻ ይየው።»

ተቀበለኝ። አገላበጠው። ወደ ፊቱ አስጠጋና አየኝ።

«ሐጃ… የኔው ቢሆን ይሻለኛል።»

«የእናቴ ረጥል አንሶህ ነው?»

«ኧረ አይደለም። ነገሩ…»

«ነገሩ ምን? ተናገር እስቲ! በዚህ ረጥል ስንት ነጋዴ አፍሯል፤ አንተ የአህያ ጓደኛ ልትንቀው ነው?»

ረጥሉን ኮርቻው ላይ ሰቀለው። ሴቶቹ እኔን አመሰገኑ። «አላህ ይስጥሽ ሐጃ፣ ከጣቱ ገላገልሽን» አሉ። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ቡዱር የባሏን ሐዘን፣ ዒዳዋን ተቀምጣለች። አራት ወር ከአስር ቀን ከቤት አትወጣም፣ ሽቶ አትነካም፣ ጠጉሯን ዘይት አታሳይም። ጥግ ላይ ባዶ ሰሌን ዘርግታ፣ ሻካራ ነጭ ቶብ ተከናንባ ነው የምትውለው። እጇ ደርቆ አመድ መስሏል። ትንሹ ልጅ ጭኗ ላይ ይተኛል፤ ትልቋ ልጅ ጀርባዋ ላይ ተለጥፋ ሰው ሲገባ ታያለች። እኔ በየቀኑ ገብቼ እቀመጣለሁ። ሻዬን ያለ ወተት ነው የምጠጣው። የደይፈላ ወተት በወርቅ ረጥል ቢሰፈርም በጉሮሮዬ አይወርድም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ዕለት፣ ብርዱ ተሰብሮ ሞቃቱ ነፋስ ተነሳ። እኩለ ቀን ሳይሆን አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ነደደ። ሴቶቹ ክፍሏ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ላባችን ሲንጠፈጠፍ ሻዩ በትልቅ ትሪ መጣ። ለሁሉም ታደለ። ለቡዱርም አንድ ብርጭቆ ፊቷ አስቀመጡላት፤ አልነካችውም። ያን ጊዜ ኒዕማት አንገቷን አስግጋ አፍንጫዋን አነሳች።

«ይሸታችኋል?»

«ምን?»

«ይኼ! የሙሽራ ሽታ!»

ሁሉም አሸተቱ። አንዷ «ወላሂ እውነቷን ነው» አለች። ሌላዋ «ትናንትም ትንሽ ሸትቶኝ ነበር፣ ዝም አልኩ እንጂ» አለች። ትናንት ያልሸተታት እንኳ ትናንት ሸትቷት አደረች። ከዚያ ዓይኑ ሁሉ ወደ ጥጉ ዞረ።

«ቡዱር» አለች ኒዕማት፣ ድምፅዋን እንደ ማር አለስልሳ። «አንቺ እቱ፣ ምን ተቀብተሽ ነው?»

«ምንም። ወላሂ ምንም አልተቀባሁም።»

«ታዲያ ሽታው እግር አውጥቶ ከገበያ መጣ?»

ተነሳችና አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ቶቡን ከራሷ ላይ ገፈፈችና አፍንጫዋን ጠጉሯ ውስጥ ሰደደች። ይህን ስታደርግ ሌሎቹም ተነሱ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ አስቀያሚ ነገር አይቻለሁ። የሞተ ሰው አጥቤያለሁ፣ የከብት አንጀት ገልብጫለሁ። እንደዚያ ቀን ያለ ግን አላየሁም። ትልልቅ ሴቶች፣ የልጆች እናቶች፣ እንደ ሰፈር ውሻ ከበዋት ያሸቷታል። አንዷ ማጅራቷን፣ አንዷ እጇን። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሚስት፣ ያቺ ወፍራሟ፣ የቡዱርን ክንድ ወደ ላይ አንስታ ብብቷን አሸተተች፤ ራሷ ላቧ አገጯ ላይ ተንጠልጥሎ! ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። ያ ሁሉ አፍንጫ እርጥብ እርጥብ ሆኖ ይርገበገባል።

ታዲያ «ተዉ!» ያልኩ እንዳይመስላችሁ። ተቀምጬ ነበር።

«ሐጃ ሱራ ትፍረድ!» አለች ኒዕማት። «በዚህ ሰፈር ረጥሉም አፍንጫውም የእሷ ነው። እሷ ካለች አለ፣ የለም ካለች የለም።»

ይህን ስትል ጉልበቴ ራሱ ተነሳ። አላህ ያሳያችሁ፣ ለልጅቷ ጉድጓድ እየተቆፈረ እኔ መከበሬን ነበር የምሰማው። ቡዱር ስታየኝ ፊቷ ፈታ አለ። ከእነዚያ ሁሉ መሀል እኔን አመነች።

«አሽቺኝ ሐጃ» አለችኝ። «አንቺ አሽቺኝ።» አንገቷን እንደሚታረድ በግ አዘነበለችልኝ።

ጎንበስ አልኩ፤ ፊቷ ያለው ብርጭቆ ገና ይተናል። የእንባ ሽታ፣ የላብ ሽታ፣ ያልታጠበ ቶብ ሽታ። በዚያ ላይ ደግሞ ጣፋጭ የሆነ፣ ከባድ የሆነ፣ ቅርንፉድ ያለበት፣ ብርቱካን ያለበት ነገር። ቀና አልኩ።

«ከርከር ነው» አልኩ። እዚያ ላይ ብቆም ምን ነበረበት? «ርካሽም አይደለም» አልኩ። «ጥሩ ከርከር ነው።»

ኒዕማት ጭኗን መታች። «ሰማችሁ! የወንድሜ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ! ከነገ ወዲያ ዓርብ የአሥራ አምስቱ ሰደቃ ነው፤ የቤተሰቡ ትልቅ፣ አጎታችን ይመጣል። በእሱ ፊት ጉዳዩ ያልቃል። እሷ ወደ አባቷ መንደር ትሄዳለች፤ ልጆቹ የኛ ናቸው። ዒዳዋን በሽቶ የምትጨርስ ሴት የሙዘሚልን ልጆች አታሳድግም!»

ቡዱር አልጮኸችም። እኔን ብቻ እያየች «ሐጃ፣ ደግመሽ አሽቺኝ» አለች። ትልቋ ልጅ የእናቷን ቶብ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ጫማዬን ፈልጌ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ምሳ ቀረበልኝ፣ አልወረደልኝም። የእነዚያ ሴቶች አፍንጫ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ራውዳ «ሐቦባ፣ አያቴ፣ ብይ እንጂ» ትለኛለች፤ እኔ ወጡ ላይ የተንሳፈፈው ዘይት አፍንጫ አፍንጫ ይመስለኛል። «ያቺ ልጅ እንዴት እንዲህ ታደርጋለች?» አልኩ ለራሴ። «ብትቀባስ እንዲህ ዓይነት ከርከር ከየት አመጣች?» ቅርንፉዱን ሁሉም ሴት ይጨምራል። የብርቱካን ልጣጭ በጥላ አድርቆ መጨረሻ ላይ የሚጨምር ግን በሰፈሩ እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ በፀሐይ አድርቀው ያመርሩታል። ለካ «ጥሩ ከርከር ነው» ብዬ ያወደስኩት የገዛ እጄን ነው!

ወደ ጓዳ ሮጥኩ። አራቱም ማሰሮዎች አሉ። ሰሙ አልተነካም፤ ስዘጋው በአውራ ጣቴ የጫንኩት አሻራ በአራቱም ላይ እንዳለ ነው። ማንም አልሰረቀኝም።

«ራውዳ!»

«እመት፣ ሐቦባ!»

«ከርከሩን ስናፈላ የሰሊጡን ዘይት በምን ነበር የሰፈርሽው?»

«በረጥል።»

«በየትኛው ረጥል?»

ጣቷን ቋጠረች ፈታች።

«አጭሩን አክስቴ ለሊጡ ውሃ ወስዳው ነበር። ማሰሮው ጥልቅ ነው፣ ትኩስ ነው፤ ረጅሙ ይሻላል ብዬ… ግን አጠብኩት እኮ! በአመድ ሁለት ጊዜ ፈትጌ አጠብኩት፣ ሐቦባ!»

«የወተቱን?» አልኩ። «የእናቴን? ከነእጀታው ከርከሩ ውስጥ ነከርሽው?»

«አማሰልኩበትም» አለች፣ ማልቀስ ጀምራ።

ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም። ሐሙስ ማለዳ ወደ አባይ ወረድኩ። ደይፈላ ከማዶ ነው የሚመጣው፤ አህያውን ይዞ በመሻገሪያው ጀልባ። ጀልባው ሲጠጋ አየሁት፤ ሁለቱ የወተት ቆርቆሮዎች ግራና ቀኝ፣ ረጥሌ ኮርቻው ላይ ፀሐይ እየበላው ተንጠልጥሏል። ዝንብ ተከትሎታል። ዝንቡ ቆርቆሮዎቹን ትቶ ረጥሉን ነበር የከበበው።

«ስጠኝ» አልኩት።

«ደህና አደርሽ አይባልም፣ ሐጃ?»

«ስጠኝ አልኩህ!»

ሰጠኝ። አፉን አሸተትኩ፤ ወተት ነው። እጀታውን ዘቅዝቄ ያዝኩት። ከዚያ ከክፍቱ ቱቦ ጫፍ አንድ ወፍራም ቢጫ ጠብታ ተንጠለጠለና እጄ ላይ ወደቀ። ሌላ ደገመ። በብርዱ ጊዜ ረግቶ እጀታው ውስጥ የተደበቀ ሞራ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ቀልጦ፣ አሮጌ ወተት ተቀላቅሎበት፣ የዝንብ ክንፍ ተጣብቆበት። ቅርንፉድና ብርቱካን ሸተተ፤ ከሥሩ ደግሞ የገለማ ወተት። አስመለሰኝ። እዚያው ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ጀልባው አጠገብ፣ ባዶ ሆዴን አስመለስኩ።

ደይፈላ ውሃ በእፍኙ አምጥቶ አፌን አጠበልኝ። በዚያ እጁ። እንቢ ለማለት አቅም አልነበረኝም።

«ሸትቶህ ነበር» አልኩት።

«ገና የሰጠሽኝ ቀን።»

«ታዲያ አፍህን ምን ዘጋው?»

«አንቺ ነሻ!» አለ። «ደግሞስ ለሐጃ ሱራ ‹ረጥልሽ ይሸታል› የሚል ሰው በዚህ ከተማ አለ? አህያዬን ብሰድባት ትራገጣለች፤ አንቺን ብሰድብሽ ግን ወተቴን የሚገዛኝ አላገኝም። የትልቅ ሰው ቤት ወግ ይሆናል ብዬ ተውኩት። የኔው ረጥል ይዝጋል እንጂ ሙሽራ ሙሽራ አይሸትም።»

«እዚያ ቤት ምን እንደተፈጠረ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ። የሙዘሚል ሚስት ተቀባች ይላሉ።» መሬት መሬት አየ። «እኔ ከዚህ ጋር አላያያዝኩትም፣ ሐጃ። ወተት ሻጭ ነኝ።»

ደይፈላ በአሮጌ ረጥሉ ሊሰፍር ወደ ሰፈር ወጣ። እኔ ረጥሉን ይዤ ውሃው ዳር ቆምኩ። የሚያስጠላውን ነገር ልንገራችሁ፤ ከሞራው ይልቅ የሚያስጠላው ይሄ ነው። ክንዴን ወደ ኋላ ስቤ ነበር። አንድ ጊዜ ብወረውረው አባይ ይውጠዋል። ከነገ ጀምሮ ሽታው ይጠፋል። ቡዱርን «ተይዛ ተወችው» ይሏታል፣ እኔን ማንም አይጠይቀኝም። የእናቴ ረጥል ተሰረቀ እላለሁ። የራውዳ ሠርግም ያለ ሐሜት ያልፋል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት፤ ለመጥፎ ነገር አእምሮዬ እንዴት እንደሚፈጥን! የሳትኩትም ሆነ የረሳሁት አልነበረም፣ ውሳኔ ነበር። ክንዴ ግን እምቢ አለ። እናቴን አስቤ ነው ብል እዋሻለሁ። ያሰብኩት የቡዱርን አንገት ነው። አዘንብላ የሰጠችኝን።

ዓርብ ሰደቃው ተደገሰ። ወንዶቹ ውጭ ዳሱ ሥር፣ የሙዘሚል አጎት መሀላቸው። ሴቶቹ በቡዱር ክፍል ውስጥ። ኒዕማት የልጆቹን ልብስ ለይታ በአንድ ጨርቅ፣ የቡዱርን በሌላ ጨርቅ ጠቅልላ በሩ ሥር አስቀምጣለች። ሁለት ጥቅል። ትልቋ ልጅ የልብሷን ጥቅል ወደ እናቷ ጥቅል በእግሯ ስትገፋ አየኋት።

ረጥሉን ከቶቤ ሥር አወጣሁና «የከሰሉን ምድጃ ወደዚህ አምጡልኝ» አልኩ።

«ሐጃ፣ አሁን ምን ልታፈዪ ነው?» አለች ኒዕማት። «አጎቴ እየጠበቀ ነው።»

«ይጠብቅ። በሩን ክፈችው፤ እሱም ያሽትት።»

የእጀታውን ጫፍ ከፍሙ በላይ ይዤ ዘቀዘቅሁት። መዳቡ ሞቀ። መጀመሪያ ምንም አልመጣም፤ ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ አንድ ጠብታ ፍሙ ላይ ወደቀና ጢሱ ቱግ ብሎ ተነሳ። ሌላ። ሌላ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ የጫጉላ ቤት ሆነ።

«አሽቱ!» አልኩ። «ጎበዞች ናችሁ አይደል? አሽቱ እንጂ! ይሄ የማን ማጅራት ነው? አንቺ ወፍራሟ፣ ነይ፣ የረጥሌን ብብት አሽቺ!»

ረጥሉን ወደየአፍንጫቸው አዞርኩት።

«ረጥሉ የኔ ነው። ከርከሩ የኔ ነው። በቤቴ በወተት ረጥል ከርከር ተሰፈረ፣ እኔም ሳላሸት ሰጠሁ። የሸተታችሁ ፊቷ የተቀመጠው ሻይ ነበር እንጂ እሷ አይደለችም። አሥራ ሁለት ቀን ይህን ሻይ ስትጠጡ የከረማችሁት የራውዳን የሠርግ ቅባት ነው። ሞራ ነው። ሙሽራ ጭኗን የምትታሸው ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ጣፈጣችሁ?»

የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሚስት አፏን ይዛ ወደ ውጭ ሮጠች። ሌላዋ ምላሷን በቶቧ ጠረገች። ኒዕማት እጇ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጠችና ጉሮሮዋን ያዘች፤ ከሁሉ የበለጠ የጠጣችው እሷ ነበረች፣ በቀን አራት አምስት ብርጭቆ። ከዚያ ጥጉ ላይ አስመለሰች። ልስቅ ፈልጌ ነበር። አልመጣልኝም።

አጎትየው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሽማግሌ ነው፣ ዓይነ ስውር ለመሆን ትንሽ የቀረው። አፍንጫውን በመጠምጠሚያው ጫፍ ሸፈነና «ጥቅሉን ፍቱ» አለ። «ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ናቸው። ስለ ሽታ የሚያወራ ሰው ከእንግዲህ እዚህ ግቢ አይድረስ።» ይህን ብሎ ሄደ።

ሴቶቹ ቡዱርን ይቅርታ ሊሏት ተግተለተሉ፤ እጇን ይስማሉ፣ ያለቅሳሉ። ሊያሸቷት የተጣደፉትን ያህል ሊስሟት ተጣደፉ፤ ያም ያቅለሸልሻል። እኔ መጨረሻ ተጠጋሁ።

«ልጄ ቡዱር» አልኩ።

«ሐጃ ሱራ» አለችኝ። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነው። «ደግመሽ አሽቺኝ ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኛል።»

«ወጣሽ።»

«ወጣሁ።»

ረጥሉን ይዤ ልወጣ ስል «እሱን ከቤቴ አርቂው» አለችኝ፤ አራቅሁት።

እጀታውን ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ዘንድ ወስጄ አስቆረጥኩት። አሁን ጉቶ ነው፤ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ምንም አይሰፈርበትም። ገበያ ላይ ሰው ሲጣላ «በሱራ ረጥል ይለካ» የሚል ከተገኘ ሌላው «በየትኛው፣ በሙሽሪት?» ይለዋል። እሰማለሁ። ዝም እላለሁ፤ ዝም ማለት እንዴት እንደሚያም እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር።

ዒዳዋ እስኪያልቅ ለቡዱር ልጆች በየማለዳው ከፍየሎቼ አንድ አንድ ረጥል ልላክ አልኩ። «ከሐጃ ቤት ዕቃ የወጣ አልቀበልም» ብላ መለሰችው፤ ሁለት ጊዜ መለሰች። በሦስተኛው ፍየሎቼን ለደይፈላ ሰጠሁት። «አንተ እለባቸው፣ በአንተ ረጥል ስፈር፣ ከማን እንደሆነ እንዳትነግራት» አልኩት። እሷ የማን ፍየል እንደሆነ ታውቃለች፤ አጥራችን አንድ ነው፣ ግቢዬ ውስጥ ሲያልባቸው ታያለች። ከደይፈላ እጅ ግን ተቀበለች።

እኔ አሁን ፍየል የለኝም። ወተት ስፈልግ በሬ ላይ ቆሜ ደይፈላን እጠብቃለሁ። ዝገቱን ረጥል ያወጣል፣ ዓይን ዓይኔን እያየ አውራ ጣቱን እስከ አንጓው ያገባል፣ ወተቱ በጥፍሩ ዙሪያ ያንን ግራጫ ክብ ይሠራል።

«ልክ ነው፣ ሐጃ?» ይለኛል።

«ቅዳ» እለዋለሁ። እቤቴ ገብቼ አፍንጫዬን ይዤ እጠጣዋለሁ።